«ኔትወርክ የለም» ሲባል የጠፋው የትኛው ደርብ ነው?

ባንክ ገብታችሁ፣ ወረፋ ይዛችሁ፣ ተራችሁ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር ከመስኮቱ ጀርባ «ሲስተም የለም» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህችን ቃል የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። በቴሌብር ብር ልካችሁ ክቡ እየዞረ ሲቀር «ኔትወርክ የለም» ትላላችሁ። ከዱባይ የደወለች እህታችሁ ድምፅ ሲቆራረጥም ያው «ኔትወርክ የለም» ነው። ፌስቡክ አልከፍት ሲል፣ ዋይፋይ ሲጠፋ፣ የፈተና ውጤት የሚታይበት ገጽ ሲጨናነቅ፣ ለሁሉም አንድ ቃል።

ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ «የት ጋ?» ብሎ ይጠይቃል። የኔትወርክ ባለሙያዎችም የራሳቸው «የት ጋ?» አላቸው። ግንኙነቱን በደርብ በደርብ ከፍለው ያዩታል። ኮሌጅ ኮምፒውተር የተማረ ሁሉ ሰባቱን ስሞች ያውቃቸዋል፦ ፊዚካል፣ ዳታ ሊንክ፣ ኔትወርክ፣ ትራንስፖርት፣ ሴሽን፣ ፕረዘንቴሽን፣ አፕሊኬሽን። እንደ ሀ ሁ ሂ ተሸምድደው፣ ፈተና ላይ ተጽፈው፣ በማግስቱ ይረሳሉ። ይህ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ይህ ሐሳብ ከፈተና ወረቀት ይልቅ ለሳሎናችን፣ ለባንኩ መስኮት፣ ለስልካችን የሚጠቅም ነው።

ነገሩን በበርበሬ እንየው። ልጇ ዋሽንግተን ያለች እናት በርበሬ ልትልክ ነው። በርበሬውን በላስቲክ ትጠቀልለዋለች። ዙሪያውን በፕላስተር ታሽገዋለች። ላዩ ላይ በማርከር የልጇን ስምና ስልክ ትጽፋለች። መንገደኛ ይፈለግና ይገኛል። መንገደኛው እሽጉን ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል። ቦሌ ሲደርስ አየር መንገዱ ሻንጣው ላይ የመዳረሻ ወረቀት ይለጥፋል። ከዚያ ሻንጣው በጋሪ ይሄዳል፣ ከጋሪው ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወደ ሌላ ጋሪ።

አሁን ማን ምን እንደሚያውቅ ተመልከቱ። ጋሪ ነጂው ይህን ሻንጣ እስከ አውሮፕላኑ ማድረስ ብቻ ነው ሥራው። ውስጡ በርበሬ ይሁን ሽሮ አያገባውም። አየር መንገዱ የሚያነበው የመዳረሻውን ወረቀት ነው። መንገደኛው ወረቀቱን አልፎ ሻንጣውን ከፍቶ፣ የትኛው እሽግ የማን እንደሆነ ከተጻፈው ስም ያያል። እናትና ልጅ ደግሞ ስለ ጋሪም ስለ አውሮፕላንም አያወሩም። «በርበሬው እንዴት ነው? ጨው በዛበት?» ነው የሚባባሉት።

ኔትወርክም እንዲሁ ነው። በርበሬው የላካችሁት ፎቶ ነው። ይህ የአፕሊኬሽን ደርብ ነው፤ ዋትስአፕ ወይም ብራውዘር ያለበት። በማርከር የተጻፈው ስም የትራንስፖርት ደርብ ነው። አንድ ስልክ ውስጥ ብዙ አፕ አለና፣ የመጣው ዕቃ ለየትኛው እንደሆነ የሚለየው ፖርት በሚባል ቁጥር ነው። የሻንጣው ወረቀት አይፒ አድራሻ ነው፤ የኔትወርክ ደርብ። ጋሪና አውሮፕላኑ ዳታ ሊንክ ነው፤ ከአንድ መሣሪያ እስከ ቀጣዩ መሣሪያ ብቻ የሚያደርስ። አስፋልቱና አየሩ ፊዚካል ነው፦ ገመድ፣ የሬዲዮ ሞገድ፣ በፋይበር ውስጥ የሚሮጥ ብርሃን።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚያልፋት ነገር አለች። ሻንጣው ከጋሪ ወደ አውሮፕላን ሲዛወር ጋሪው ይቀየራል፤ ወረቀቱ ግን አይቀየርም። ራውተር መረጃን ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ቀጣዩ የሚያሳልፍ መሣሪያ ነው። መረጃም ከቤታችሁ ራውተር ወጥቶ እስኪደርስ በብዙ ራውተሮች ያልፋል። እያንዳንዱ ራውተር የዳታ ሊንኩን መጠቅለያ ይቀድና በአዲስ ይጠቀልላል። የመድረሻው አይፒ ግን እንዳለ ይሄዳል። ዋይፋይ ላይ የነበረ ፎቶ ሳይለወጥ ፋይበር ላይ፣ ከፋይበር ባሕር ሥር ገመድ ላይ የሚሻገረው በዚህ ነው።

ደግሞ ፎቶው አንድ እሽግ አይደለም። በተለመደው የኢተርኔት መስመር ላይ አንድ ፓኬት፣ ማለትም አንድ እሽግ፣ የሚይዘው እስከ 1,500 ባይት ነው። 3 ሜጋባይት የሆነ የልደት ፎቶ ከ2,000 በላይ ፓኬት ይሆናል። እያንዳንዱ ቁጥር አለው። የጎደለ ካለ ቲሲፒ የሚባለው የትራንስፖርት ሕግ «ይሄኛው አልደረሰኝም፣ ድገመው» ይላል። ስለዚህ ፎቶ ቢዘገይም ሙሉውን ይደርሳል። የድምፅ ጥሪ ሌላ ነው። እሱ በአብዛኛው የሚሄደው ዩዲፒ በሚባለው ነው፤ የጠፋውን አያስደግምም። ያለፈ ቃል ከሁለት ሰከንድ በኋላ ቢደርስ ምን ያደርጋል? በአንድ መስመር ላይ ፎቶው ደህና ደርሶ ጥሪው «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህ አከፋፈል በችግር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እያንዳንዱ ትልቅ ኩባንያ የራሱ ኔትወርክ ነበረው። አይቢኤም የራሱን፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የራሱን። የአንዱ ማሽን ከሌላው ጋር አይግባባም። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ ለሁሉም የሚሆን ማዕቀፍ ለማውጣት ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1984 ባለ ሰባት ደርቡ ኦኤስአይ ሞዴል ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ነገር ግን ሌላ የኔትወርክ ሕጎች ቤተሰብ ቀድሞት ነበር። አሜሪካውያኑ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት ንድፍ አድጎ ቲሲፒ/አይፒ ሆነ። የኢንተርኔት እናት የምትባለው የአሜሪካው አርፓኔት ጥር 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ወደ እሱ ተሻገረች። ዛሬ ዓለም የሚሠራው በቲሲፒ/አይፒ ነው፤ እሱም አራት ደርብ ይበቃዋል። ኦኤስአይ በገበያው ተሸነፈ፤ ቋንቋው ግን ቀረ። ዛሬም ባለሙያዎች «ሌየር 3 ላይ ነው ችግሩ» ሲሉ፣ ሦስተኛው ደርብ ማለታቸው ነውና፣ የሚቆጥሩት በኦኤስአይ ነው።

ቋንቋው ለምን እንደቀረ ለማየት ሦስት አጋጣሚዎችን ላንሳ።

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሰኞ ምሽት። በእኛ ሰዓት ከ12፡40 ገደማ ጀምሮ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በመላው ዓለም አንድ ላይ ጠፉ። ወደ ስድስት ሰዓት ቆየ። ያን ምሽት ስልኬን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ። ገመድ ግን አልተበጠሰም። ስልካችን ደህና ነበር። ቴሌግራም ይሠራ ነበር። ታዲያ ምን ጠፋ?

አድራሻው ነው የጠፋው። ኢንተርኔት የብዙ ሺህ ኔትወርኮች ኔትወርክ ነው። እነዚህ ኔትወርኮች ቢጂፒ በሚባል ሥርዓት «እነዚህ አድራሻዎች እኔ ጋ ናቸው፣ በእኔ በኩል ና» ይባባላሉ። ከዚህ ሌላ ደግሞ ዲኤንኤስ አለ፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉም፣ እንደ ስልክ ማውጫ ያለ። የፌስቡክ መሐንዲሶች በጥገና ላይ ሳሉ የሰጡት አንድ ትእዛዝ የመረጃ ማዕከሎቻቸውን የሚያገናኘውን ዋና መስመር በሙሉ አወረደው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ማስቆም የነበረበት ፕሮግራም ራሱ ስህተት ነበረበትና አሳለፈው። የኩባንያው የዲኤንኤስ ሰርቨሮች፣ ማለትም ይህን ማውጫ የያዙት ኮምፒውተሮች፣ ማዕከሎቹን ማግኘት ሲያቅታቸው፣ በተሠሩበት ደንብ መሠረት «እኛ ደህና አይደለንም» ብለው መንገዳቸውን ከቢጂፒ አነሱ። ዓለም ፌስቡክ የት እንደሚገኝ ረሳ።

በሻንጣው ቋንቋ ብንናገር፣ አውሮፕላኑ አለ፣ አስፋልቱ አለ፣ በርበሬው አለ። የዋሽንግተን ስም ግን ከሁሉም ሰሌዳ ላይ ተፍቋል። ሻንጣውን ማንም ወዴት እንደሚጭነው አያውቅም። ከዚህ የከፋው፣ መሐንዲሶቹ ለጥገና የሚጠቀሙባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም በዚያው ኔትወርክ ላይ ነበሩ። ሰው በአካል ወደ ማዕከሎቹ ተላከ። እዚያም ጥበቃው ጥብቅ ነበርና መግባቱ ራሱ ጊዜ ወሰደ። አንዱ ደርብ ሲወድቅ ሌላውን ማዳን የሚቻለው ሁለቱ ተለያይተው ሲቆሙ ነው። እዚያ አልተለያዩም ነበር።

ሁለተኛው አጋጣሚ ተቃራኒው ነው። ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ፣ ጅዳ አጠገብ፣ የባሕር ሥር ገመዶች ተበጠሱ። ከነሱ መካከል እስያን ከአውሮፓ የሚያገናኙት ሲ-ሚ-ዊ 4 እና አይ-ሚ-ዊ ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ታችኛ ደርብ ነው፤ ብርሃን የሚያልፍበት ክር ራሱ ተቆርጧል። ሆኖም ኢንተርኔት አልሞተም። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ተንቀራፈፈ። ማይክሮሶፍትም በመካከለኛው ምሥራቅ የሚያልፈው አዠር የተባለው የክላውድ አገልግሎቱ ሊዘገይ እንደሚችል ለደንበኞቹ አስታወቀ። ዱባይና ሻርጃ ያሉ የእኛ ሰዎች ወደ ቤት ሲደውሉ ጥሪው አልይዝ ቢላቸው አይገርምም።

ያልሞተው የኔትወርክ ደርብ ሥራውን ስለሠራ ነው። ራውተሮች አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላ ይፈልጋሉ። አዲሱ መንገድ ግን ረጅም ነው፤ የሌሎችን ጭነትም ተሸክሟል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን የሚሄደው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በ10,000 ኪሎ ሜትር ቢረዝም ደርሶ መልሱ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይዘገያል። ትንሽ ይመስላል። አንድ ገጽ ለመክፈት ግን ስልካችሁና ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ። መጀመሪያ ዲኤንኤስ፣ ቀጥሎ የቲሲፒ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የምስጢር ቁልፍ ልውውጥ፣ ከዚያ በኋላ ገጹ። በእያንዳንዱ ምልልስ ላይ ያቺ መዘግየት ትደመራለች። ታች የተበጠሰ ገመድ፣ ከላይ እንደ ዝግታ የሚታየው እንዲህ ነው። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም። የውጭ ኢንተርኔታችን በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል በየብስ ተጉዞ ነው ባሕር የሚነካው። ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ መንገድ መያዝ ለኢትዮጵያ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ሦስተኛው ወደ ራሳችን ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ ለአምስት ወር ገደማም እንደተዘጉ ቆዩ። በሁለተኛው ጊዜ ከተማው ሁሉ ቪፒኤን አወረደ። በመጀመሪያው ጊዜ ቪፒኤን ለማንም አልጠቀመም። ለምን?

ቪፒኤን ሻንጣን ሌላ ሻንጣ ውስጥ መክተት ነው። የውጭው ሻንጣ ላይ ያለው መዳረሻ ሌላ ነው፤ ፈታሹ የሚያየው እሱን ብቻ ነው። የውስጡ ተቆልፏል። በ2015 ሌላው ኢንተርኔት ይሠራ ነበር። ባንክ ይሠራል፣ ኢሜይል ይሠራል። ይህ ብቻውን መዘጋቱ ከታች እንዳልሆነ ይናገራል። መንገዱ ክፍት ነው፤ ወደ አንዳንድ ቤቶች የሚሄደው ብቻ ነው የሚመለሰው። በ2012 ግን መንገዱ ራሱ ነበር የተዘጋው። አውሮፕላን በማይነሳበት ቀን ሻንጣን በሻንጣ መጠቅለል የትም አያደርስም። እነዚያን ሳምንታት ውጭ አገር ሆኖ ስለ ቤተሰቡ የተጨነቀ ሰው ልዩነቱን በአንጀቱ ያውቀዋል።

ከአገር ወደ ሳሎን እንውረድ። በቅርቡ አክስቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ሞቷል፤ ዋይፋዩ ግን ሙሉ ነው» አሉኝ። ሄድኩ። ራውተሩ መብራቱ በርቷል። የልጃቸው ላፕቶፕ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ እስከ ጫፍ ድረስ ሞልቷል። ታችኞቹ ሁለት ደርቦች ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ሞገዱ አለ፣ ከራውተሩ ጋር ተያይዟል። ከዚያ አይፒ አድራሻውን አየሁ። በ169.254 ይጀምራል።

ይህች ቁጥር ብዙ ትናገራለች። አንድ ኮምፒውተር አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣት ጊዜያዊ አድራሻ ናት። መታወቂያ የሚሰጠው አጥቶ በወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እንደያዘ ሰው፤ ከግቢ አታስወጣውም። ስለዚህ ኢንተርኔት አቅራቢውን መክሰስ ገና ነበር። ችግሩ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ራውተሩ አድራሻ ማደል አቁሟል። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ላፕቶፑ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ አገኘ። ዩቲዩብ ተከፈተ። «ይሄው ነው እንዴ?» አሉ አክስቴ። «ይሄው ነው እትዬ» አልኩ።

ያኔም ባይከፈት ኖሮ ቀጣዩ ፍተሻ 8.8.8.8 የሚባለውን የጉግል አድራሻ ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ መጠበቅ ነበር። ቁጥሩ ከመለሰና በስም የሚጻፍ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ፣ ዲኤንኤስ ነው። ሁሉም ገጽ ተከፍቶ አንድ አፕ ብቻ ከቀረ፣ ችግሩ ያ አፕ ጋ ነው፤ ስልክን አጥፍቶ ማብራት ጊዜ መጨረስ ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ደርብ በደርብ።

ሞዴሉ ፍጹም ነው አልልም። ሴሽንና ፕረዘንቴሽን የሚባሉት ሁለት ደርቦች ዛሬ ባለው ኢንተርኔት ውስጥ ለብቻቸው ቆመው ብዙም አይገኙም። የብራውዘሩ ቁልፍ ምልክት ጀርባ ያለው፣ መረጃን በምስጢር የሚቆልፈው ቲኤልኤስ የትኛው ደርብ ላይ እንደሚቀመጥ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደረጃ የሆነው ክዊክ የሚባለው አዲስ የትራንስፖርት ሕግ ደግሞ ድንበሩን ሆን ብሎ አፈረሰ። የትራንስፖርቱን ሥራና ምስጢር ማድረጉን አንድ ላይ አዋሕዶ በዩዲፒ ላይ ይሄዳል። ጥቅሙን ከቤት ስትወጡ ታገኙታላችሁ። ቲሲፒ ግንኙነትን የሚያውቀው በአድራሻና በፖርት ነው፤ ስልካችሁ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር አድራሻው ይቀየርና ይቋረጣል። ክዊክ ለግንኙነቱ የራሱ መለያ ስላለው አድራሻው ቢቀየርም መቀጠል ይችላል። ምልልሱንም ይቀንሳል፤ መንገዱ ለረዘመበት እንደኛ ላለ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህም ሆኖ ክዊክ ምን እንዳደረገ ለማስረዳት የተጠቀምኩት ያንኑ የደርብ ቋንቋ ነው።

ወደ ባንኩ ልመለስ። ባለፈው ሰሞን አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ወረፋ ላይ ሳለሁ ያቺው ቃል መጣች። መስኮቱ ጋ ያለችውን ልጅ «እህቴ፣ የጠፋው የዚህ ቅርንጫፍ መስመር ነው ወይስ የዋናው?» አልኳት። ቆም ብላ አየችኝ። «ቆይ ልጠይቅ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሁላችንም ተናገረች። የተቋረጠው ወደዚያ ቅርንጫፍ የሚመጣው መስመር ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቅርንጫፍ እየሠራ ነው። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት ደብተራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ተያይዘን አስፋልቱን ተሻገርን።